«ባንዳ ብዬ ጻፍኩበት፤ አሁን ምን ላድርግ?»

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ማታ ማታ አማርኛው ውክፔዲያ ላይ በበጎ ፈቃድ እጽፋለሁ፤ ሌሎች የጻፉትንም አርማለሁ። ማንም አይከፍለኝም። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቼ እስከ ስድስት ሰዓት አመሻለሁ። እስከ ባለፈው ወር ድረስ ደስ እያለኝ ነበር የምሠራው።

ባለፈው ወር ስለ አባ ሳሙኤል ግድብ የተጻፈውን ገጽ አሰፋሁት። አያቴ በወጣትነታቸው የኃይል ማመንጫው ዘበኛ ነበሩ፤ አባታቸው ደግሞ ግድቡ ሲሠራ ድንጋይ ተሸክመውበታል። ግድቡ በ1932 በንጉሡ ዘመን መሠራቱን ጻፍኩ። ቁጥሩን ያገኘሁት ከአንድ አሮጌ መጽሔት ነው፤ ከአያቴ የሰማሁትንም ጨመርኩበት። በማግሥቱ ሌላ ጸሐፊ መጥቶ ‹1939 እ.ኤ.አ.፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ› ብሎ ቀየረው። የአያቴን ክፍል ደግሞ ‹ምንጭ የለውም› ብሎ አጠፋው። መለስኩት። አጠፋው። በሁለት ሌሊት ስምንት ጊዜ ተመላለስን። በመጨረሻ ንዴቴን መቆጣጠር አቃተኝና ውይይት ገጹ ላይ ‹አንተ ባንዳ፣ የአባቶቻችንን ሥራ ለጣልያን የምትሰጥ› ብዬ ጻፍኩበት። እሱም ‹ከአያትህ ተረት ውጣና መጽሐፍ አንብብ› ብሎ መለሰልኝ። ይቺ ቃል እንቅልፍ ነሥታኛለች።

መምህራን ክፍል ውስጥ ሳወራው አራት ጓደኞቼ ‹እኛም አካውንት እንክፈትና በቁጥር እናሸንፈው› አሉኝ። ባለቤቴ ደግሞ ‹ለማይከፈልህ ሥራ ምን ያነታርክሃል፣ ተወው› ትለኛለች። ልተወው? ልክሰሰው? ወይስ ጓደኞቼን ልጥራ?

አስተማሪው፣ ከቱሉ ዲምቱ»

ልጄ፣ ደብዳቤህ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ሁለት ነገር ለማጣራት ፈልጌ ነው። አንደኛው፣ ሰው ያጠፋው ጽሑፍ እዚያ ቦታ ላይ የት እንደሚሄድ ነው። ሁለተኛው የዓመተ ምሕረቱ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ስለ አንዲቷ ቃል እንነጋገር።

«ባንዳ» ብለኸዋል። አንተ የታሪክ አስተማሪ ነህ፤ የዚህች ቃል ክብደት ከእኔ ይልቅ ለአንተ ይታወቅሃል። በእኛ አገር «ተሳስተሃል» ለማለት የምንወረውራት ቃል አይደለችም። በአምስቱ ዓመት ዘመን ወገኑን ለጠላት አሳልፎ የሰጠ ሰው የተጠራባት፣ ለልጅ ልጅ የምትተርፍ ስም ናት። አንተ እሷን የሰጠኸው ለማታውቀው ሰው ነው፤ ያውም አንድ ግድብ መቼ ተሠራ በሚል ክርክር። ያ ሰው አባቱ አርበኛ ቢሆንስ? አያቱ አዲስ አበባ ላይ የግራዚያኒ ጭፍጨፋ ሰለባ ቢሆኑስ? ያን ሌሊት ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ቃልህን ሲያነብ ምን እንደተሰማው ልታውቅ የምትችልበት መንገድ የለህም። እሱ ስለ አያትህ የጻፈው ነገር ምን እንደሚያደርግ ግን ታውቃለህ፤ እንቅልፍ ነሥቶሃል። እሱም እንዳንተው ሳይተኛ ያደረ ይመስለኛል።

«ተረት» ማለቱ ትክክል ነበር አልልህም፤ ክፉ ቃል ነው። ግን ቅደም ተከተሉን ተመልከት። ያንተ ቃል ቀድማለች። ስለዚህ የመጀመሪያውን እርምጃ የምትራመደው አንተ ነህ። እሱ ይቅርታ እስኪጠይቅ አትጠብቅ።

ካጣራኋቸው ነገሮች የመጀመሪያው እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ውክፔዲያ ላይ የተጻፈ ነገር ሲጠፋ እውነት አይጠፋም። እያንዳንዱ ለውጥ፣ ከነሰዓቱና ከነለዋጩ ስም፣ በገጹ የታሪክ መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል። ማንም አንባቢ ከፍቶ ሊያየው ይችላል። ይህ ለአንተ መጽናኛም ነው፣ ማስጠንቀቂያም ነው። መጽናኛነቱ፣ ያ የአያትህ ታሪክ ያለበት አንቀጽ አሁንም እዚያው መኖሩ ነው፤ ስምንት ጊዜ ስትመልሰው የኖርከው ያልጠፋ ነገር ነበር። ማስጠንቀቂያነቱ ደግሞ «ባንዳ» የምትለዋም ቃል እዚያው መኖሯ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? አሁን ብትደልዛት እንዳልነበረች ልታደርጋት የፈለግህ ይመስላል። የውክፔዲያ ልማድ ሌላ ነው። ሰው የተናገረውን ሲጸጸትበት ቃሉን አይሰውረውም፤ በላዩ ላይ መስመር ያሰምርበትና ከሥሩ «ይህን ማለት አልነበረብኝም» ብሎ ይፈርማል። ቃሉም ጸጸቱም አብረው ይታያሉ። እኔ ይህን ልማድ ሳውቅ ወደድኩት፤ አንተም እንዲሁ አድርግ።

ሌላም ነገር አለ። ደብዳቤህን ስታነበው «አጠፋው»፣ «ቀየረው»፣ «መለሰልኝ» ትላለህ። እሱ መሆኑን በምን አወቅህ? ያለህ አንድ የብዕር ስም ብቻ ነው። ኮተቤ ቤቷ ቁጭ ብላ ልጇን አስተኝታ የምትጽፍ ሴት ልትሆን ትችላለች። ሰበታ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወይም ከተማሪዎችህ አንዱ። እንግሊዝኛ ሲጽፉ ይህ አያስጨንቅም፤ ለሁሉም አንድ ቃል ይበቃቸዋል። አማርኛ ግን ፊቱን ያላየኸውን ሰው እንኳ ሳትመርጥ እንድታናግረው አይፈቅድልህም። «ምንጭህ ምንድን ነው» ብለህ ስትጠይቅ ወንድነቱንም ታናሽነቱንም በአንዲት «ህ» ወስነሃል። «ምንጭዎ ምንድን ነው» ብትል ግን ለሴትም፣ ለወንድም፣ ለሽማግሌም፣ ለወጣትም ይሆናል። አንቱታ ለማናውቀው ሰው የተሰጠን መጠለያ ነው። ወጣት ሆኖ ቢገኝ ምን ጎደለብህ? በ«እርስዎ» የተጠራ ሰው ተሰድቦ አያውቅም። በ«አንተ» የተጠራ ሽማግሌ ግን ቀሪውን ጽሑፍህን ሳያነበው ይዘጋዋል።

ደግሞም በአንቱታ መሳደብ ለእጅ ይከብዳል። «እርስዎ ባንዳ» ብለህ ለመጻፍ ሞክር፤ ጣትህ መሐል ላይ ይቆማል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ፤ ሁለተኛ ያጣራሁት ይህን ነው። አንተ «1932» ብለህ ጻፍክ። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ዓ.ም.» የለም፣ «እ.ኤ.አ.» የለም። ባላንጣህ «1939 እ.ኤ.አ.» አለ። አሁን ወረቀትና እስክርቢቶ ይዘህ አስላው። በእኛና በፈረንጆቹ አቆጣጠር መካከል ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ግድም ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ልዩነት አለ። 1932 ላይ ሰባት ጨምርበት። 1939 ነው።

መጽሔትህ ላይ ያለው 1932 በእኛ አቆጣጠር ከሆነ እናንተ ሁለታችሁ ሁለት ሌሊት የተዋጋችሁት ያንኑ ዓመት ይዛችሁ ነው። በፈረንጆቹ ከሆነ ደግሞ በእኛ 1924 ወይም 1925 ይሆናል፤ ይህም ጣልያን ከመግባቱ ሦስት አራት ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ የንጉሡ ዘመን ያልከው ይቆማል። እንግዲህ ግድቡን ማን አሠራው የሚለው ጥያቄ ከቁጥሩ ኋላ በምትመጣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። እኔ በዚህ ላይ ፈራጅ አይደለሁም፤ መጽሔቱ ያለው አንተ ዘንድ ነው። መልሰህ ክፈተው። ጽሑፉ በሌላ ቦታ ዓመታትን ሲጠራ በየትኛው አቆጣጠር ነው? ስለ አዲስ አበባ ነፃ መውጣት የሚያነሣ ከሆነ ሚያዝያ 27፣ 1933 ይላል ወይስ 1941? ከዚያ ታውቀዋለህ። ምናልባት ጸሐፊው ከባዕድ ቋንቋ ተርጉሞ አቆጣጠሩን ሳይለውጥ ትቶት ይሆናል፤ ይህ በአማርኛ መጻሕፍት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ አንተ በክፍልህ ታየዋለህ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው 1909 ነው የሚል ተማሪና 1917 ነው የሚል ተማሪ ቢጣሉ ምን ትላቸዋለህ? ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ብቻ አቆጣጠሩን ጻፉ ትላቸዋለህ። ታዲያ ለተማሪ የምትሰጠውን ትዕግሥት ለዚህ ሰው ለምን ነፈግኸው?

እዚህ ላይ ያለኝን አንድ ትዝታ ላካፍልህ። በ1970ዎቹ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። አብራኝ የምትሠራ ሌላ አራሚ ነበረች። እኔ «ሥራ» በንጉሡ ሠ ካልተጻፈ አላሳልፍም። እሷ ደግሞ አንባቢን የሚያስጨንቅ ትርፍ ፊደል ነው ባይ ነበረችና «ስራ» አድርጋ ትመልሰዋለች። እኔ ጠዋት በቀይ አርማለሁ፤ እሷ ከሰዓት በሰማያዊ ታርማለች። አንድም ቀን ቁጭ ብለን አልተነጋገርንም። ሰላምታችን እንኳ ቀዝቅዞ ነበር። እንዲህ ሆነን ሁለት ሳምንት ያህል ቆየን።

አንድ ቀን ፊደል ለቃሚው ከታች ወጥቶ መጣ። በዕድሜ ከሁለታችንም የሚበልጡ፣ ጣታቸው በእርሳስና በቀለም የጠቆረ ሰው ናቸው። በግራ እጃቸው ወረቀቱን፣ በቀኝ መዳፋቸው ሁለት ጥቃቅን የእርሳስ ፊደላት ይዘዋል፤ አንዱ ሠ፣ አንዱ ሰ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጧቸው። «እኔ ዛሬ ይህን አራት ጊዜ አውጥቼ አራት ጊዜ መለስኩ» አሉ። «የናንተን ጠብ የምለቅመው እኔ ነኝ። የትኛው እንደሆነ ተስማሙና አንዱን ስጡኝ።» ተቆጥተው አልነበረም የተናገሩት፤ ደክሟቸው ነበር። ጓደኛዬና እኔ ተያየን። እነዚያን ሁለት ፊደላት አነሣኋቸው፤ አንዱ ከመዳፌ ሙቀት ይበልጥ ሞቆ ነበር፤ በሳቸው እጅ ብዙ ስለቆየ ይመስለኛል።

የዚያን ዕለት ከሰዓት አንድ ደብተር ገዛንና የተስማማንባቸውን ቃላት መጻፍ ጀመርን። «ሥራ» በእኔ ሄደ፤ ሌሎች ብዙ ቃላት ደግሞ በእሷ ሄዱ። ስንከራከር እንኳ ደብተሩ ላይ እንከራከራለን፤ የደራሲው ወረቀት ላይ ግን አንነካካም። ያቺ ሴት እስከ ዛሬ ጓደኛዬ ናት። ለፋሲካ ዶሮዋን የምታመጣልኝ እሷ ናት።

ያንተ የውይይት ገጽ ያ ደብተር ነው። ለዚሁ ነው የተሠራው፤ አንተ ግን ስድብ ጻፍክበት። ገጹ ራሱ ደግሞ የደራሲው ወረቀት ነው፤ እዚያ ላይ መመላለስ የሚያደክመው አንባቢውን ነው። ጠዋት የከፈተ ተማሪ 1932 ያያል፤ ማታ የከፈተ 1939። እንግሊዝኛው ውክፔዲያ ላይ አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ የሌላውን ሥራ ከሦስት ጊዜ በላይ ከመለሰ ከመጻፍ ሊታገድ ይችላል። ልክ ይሁን ስሕተት አይጠየቅም። መጀመሪያ ስሰማው ጨካኝ ሕግ መሰለኝ፤ አሁን ግን ደግ ሕግ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሁለት ሰዎችን ከራሳቸው እጅ ያድናልና። አንተ ለራስህ ከዚያ ጠበቅ ያለ ሕግ አውጣ። አንድ ጊዜ ቀየርክ፤ ሌላው ከመለሰው ሁለተኛ አትመልሰው፤ ወደ ውይይት ገጹ ሂድ።

የአያትህን ነገር አልረሳሁትም። ልብህ የቆሰለው እዚያ ላይ መሆኑ ይገባኛል፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልናገር። ውክፔዲያ ቀድሞ ያልታተመ ነገር የሚጻፍበት ቦታ አይደለም። አንባቢው የተጻፈውን ሄዶ ሊያጣራው መቻል አለበት። የአያትህን ቃል አንተ ታምነዋለህ፤ እኔም አምነዋለሁ፤ ባሕር ዳር ያለ አንባቢ ግን ቱሉ ዲምቱ መጥቶ አያትህን ሊጠይቅ አይችልም። ይህ ሕግ በአያትህ ላይ የወጣ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርም ቢሆን ያላሳተመውን ግኝቱን እዚያ ሊጽፍ አይፈቀድለትም። ሰውየው «ምንጭ የለውም» ሲል በሕጉ ነው የተናገረው። የተሳሳተው በአጠፋፉ ነው። «ይህ ክፍል ምንጭ ያስፈልገዋል» የሚል ምልክት አኑሮ ጥቂት ሳምንት ሊታገሥህ ይችል ነበር፤ ወይም በውይይት ገጹ ላይ ሊጠይቅህ። ሙሉውን ነቅሎ መጣል የጨዋ ሥራ አይደለም፤ ይህንም በጨዋ ቃል ልትነግረው ትችላለህ።

ስለ አራቱ ጓደኞችህ አጭር መልስ ነው ያለኝ፦ አትጥራቸው። እዚያ ቤት ነገር የሚወሰነው በድምፅ ብልጫ አይደለም፤ በማስረጃና በመግባባት ነው። ለአንድ ክርክር ሲባል የተከፈቱ አዳዲስ ስሞች ወዲያው ይታወቃሉ፤ ያን ጊዜ እውነቱ ከአንተ ጋር ቢሆን እንኳ የሚያምንህ አታገኝም። ጓደኞችህ መጻፍ ከወደዱ እሰየው፤ አንዱ ስለ አቃቂ፣ አንዱ ስለ ገላን፣ አንዱ ስለ ሚያስተምረው ትምህርት ይጀምር። የአባ ሳሙኤልን ገጽ ግን ይተዉት።

ክስም አሁን አያስፈልግህም። ገጾቹን የሚጠብቁትና ሰው የማገድ ሥልጣን ያላቸው መጋቢዎች ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም እንዳንተው በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ናቸው። ይዘው የሚመጡት የመጀመሪያ ጥያቄ «ተወያይታችኋል ወይ?» የሚል ነው፤ አንተ ደግሞ የምታሳየው ውይይት «ባንዳ» የሚል ብቻ ነው።

«ልተወው ወይ?» ላልከው፣ ባለቤትህ ግማሽ እውነት አላት። ለአንድ ሳምንት ያህል ያን ገጽ አትክፈተው፤ ማታ ማታ ከእሷ ጋር ተቀመጥ። ለዘለቄታው ግን አትተወው። ይህን የምልህ በምክንያት ነው። እንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት፤ አንዱ ጸሐፊ ተቀይሞ ቢሄድ በማግሥቱ ሌላው ይተካዋል። አማርኛው ያለው 15 ሺህ ግድም ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ለሚናገረው ቋንቋ! ከእነዚያም ውስጥ ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት መስመር ብቻ ናቸው። እስቲ አስበው፤ ከከተማው ዳር በእምቦጭ ስለተሸፈነ አንድ አሮጌ ግድብ፣ መቼ እንደተሠራ ሊያጣራ በእኩለ ሌሊት የሚነሣ ስንት ሰው አለ? በዚያች ሌሊት ሁለት ነበራችሁ፤ አንተና እሱ። በዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ ለአንተ ጉዳይ ከእሱ የቀረበ ሰው አልነበረህም፤ አንተ ግን ጠላት አደረግኸው። እሱም አንተን።

ምን ብለህ እንደምትጽፍለት ቢጨንቅህ እነሆ፣ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን የምጽፈው ይህ ነው። እንደፈለግህ ለውጠው፤ ቃሉ ያንተ ይሁን።

«ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው የጻፍኩብዎ ቃል ከባድ ስድብ ነው። አላውቅዎትም፤ ባውቅዎትም እንዲህ ልልዎ አይገባም ነበር። ቃሉ ላይ መስመር አሥምሬበታለሁ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ስለ ዓመቱ፦ እኔ የተጠቀምኩበት መጽሔት 1932 ይላል፤ ግን ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ስጽፍ አላጣራሁም። ስሕተቱ የእኔ ነው። መጽሔቱን እንደገና አይቼ ገጹን ፎቶ አንሥቼ እነግርዎታለሁ። እርስዎ 1939 ያሉበትን መጽሐፍ ስሙንና የገጽ ቁጥሩን ቢነግሩኝ እኔም ፈልጌ አነበዋለሁ። የአያቴን ትውስታ በተመለከተ፣ የታተመ ምንጭ እስካገኝ ድረስ ወደ ገጹ አልመልሰውም። አያቴን ግን ‹ተረት› ባይሏቸው ደስ ይለኛል፤ ቦታው ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። እስክንግባባ ድረስ ገጹን አልነካም። ከአክብሮት ጋር።»

ተመልከት፤ ከሁሉ በፊት የራስህን ስሕተት በስሙ ጠራኸው። ከዚያ ጥያቄ ጠየቅህ። ከዚያ የሚያምህን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገርህ። «ግን እርስዎም» የሚል ቃል የለበትም። ይቅርታ ላይ «ግን» ከገባች ይቅርታው እዚያው ይሞታል፤ በትዳርም በጎረቤትም ያየሁት ነው።

መልስ ላይመጣ ይችላል። አንድ ሳምንት ጠብቅ። ሰዎች ሥራ አለባቸው፣ መብራት ይጠፋባቸዋል፣ ይታመማሉ፤ ዝምታን ንቀት አድርገህ አትተርጉመው። የዚያ ቤት ዋና ደንብ እኮ ሌላው ሰው በቅን ልቦና እንደመጣ መገመት ነው፤ ተቃራኒውን በዓይንህ እስክታይ። መልሶ ቢሰድብህ አትመልስለት። ያኔ ገጹን የማያውቅ፣ በሁለታችሁም ያልተነካ ሦስተኛ ጸሐፊ ፈልግና «እስቲ እዩልን» በለው። የእኛ ሽምግልና ነው፤ ልዩነቱ ሽማግሌው በዕድሜውና በተሰሚነቱ ሳይሆን ባነበበው ምንጭ መናገሩ ነው። ይህን ልዩነት በደንብ ያዘው። እኛ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ማለት ለምደናል፤ እዚያ ግን የ17 ዓመት ልጅ ትክክለኛውን መጽሐፍ ከያዘ ሁላችንም ዝም ብለን ልንሰማው ይገባል።

ምንጮቹ እውነት የሚጋጩ ሆነው ከተገኙስ? አንዱ ቀዳሚ ዓመት፣ አንዱ ተከታይ ዓመት፤ ያጋጥማል። እንግዲያው ገጹ ላይ ሁለቱንም ጻፉ። «ግድቡ የተሠራበት ዓመት በምንጮች ላይ ይለያያል፤ እገሌ ይህን ይላል፣ እገሌ ያንን ይላል» በሉና ከነአቆጣጠሩ አስቀምጡት። ይህ ሽንፈት አይደለም። የውክፔዲያ ሚዛናዊነት ደንብ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ የተቃረኑ ታማኝ ምንጮች ካሉ አንባቢው ሁለቱንም ያያል። እንዲያውም ልጄ፣ እንዲህ ያለች ዓረፍተ ነገር ከሁለታችሁ ጽሑፍ ትበልጣለች፤ አንዳችሁም ብቻችሁን ልትጽፏት አትችሉም ነበርና።

መጻሕፍቱን ለማግኘት ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሂድ፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም አለልህ። በእነዚያ ዘመናት የታተሙ ጋዜጦችን አስወጥተህ ተመልከት። ከቱሉ ዲምቱ እስከዚያ ድረስ ሁለት ሦስት ታክሲ መቀያየር እንዳለብህ አውቃለሁ፤ ግን ቅዳሜ አንድ ሙሉ ቀን ብትሰጠው ሁለት ሌሊት ከተመላለስከው ይሻላል። ያ ሰው አዲስ አበባ ያለ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ አብራችሁ ሂዱ። አይሆንም አትበል።

አያትህ በሕይወት መኖራቸውን ከደብዳቤህ ተረድቻለሁ፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልህ። ማመንጫው በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቆሞ ከብዙ ዓመት በኋላ በ2009 ታድሶ እንደገና መብራት ሲሰጥ እሳቸው አይተዋል ማለት ነው። ውክፔዲያ ላይ ሊጠቀስ ባይችል እንኳ የሳቸው ቃል መቀመጥ አለበት። እሑድ ከቡና በኋላ ስልክህን መቅጃው ላይ አድርገህ ፊታቸው አኑረው። አንተ ቀድመህ ቀኑን ተናገር፤ ስማቸውን ሙሉውን፣ የተወለዱበትን ቦታ፣ ዘበኛ የነበሩበትን ዘመን አስጠራቸው። አታቋርጣቸው፤ ሳል ቢይዛቸው እንኳ ጠብቅ። ከዚያ ቅጂውን ከአንድ የታሪክ ክፍል ተማሪ ወይም ጋዜጠኛ ጋር አገናኘው፤ እሱ ሲጽፈውና ሲታተም ያን ጊዜ ምንጭ ይሆንልሃል።

ደግሞ «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብለህ አትጀምር። በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ዓመቱን በቁጥር አይዝም። «አባትዎ ድንጋይ ሲሸከሙ ጣልያን ገብቶ ነበር ወይስ ገና ነበር?» ብለህ ጠይቃቸው። «ቀን ሥራውን ሲከፍል የነበረው ማን ነበር? በምን ገንዘብ?» በላቸው። በብር ነበር ካሉህ አንድ ነገር ነው፤ በሊሬ ነበር ካሉህም ሌላ ነገር ነው። የሚሉትን ሁሉ፣ አንተ የጻፍከውን የሚያፈርስም ቢሆን፣ እንዳለ ቅዳው። ከዚያ ለዚያ ሰው ንገረው።